ተአምር የምንለው ማረፍ፦ ዳኮታ፣ ሄርኩለስ እና የሰሜኑ ሰማይ

ሰሞኑን አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ በጭራዋ ጎማ ላይ የተቀመጠች ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን፤ ዙሪያዋን ጋቢና ነጠላ የለበሰ ሕዝብ። ከሥሩ «በ77ቱ ድርቅ እህል ይዞ መጥቶ በተአምር ያረፈው ሄርኩለስ» ተብሎ ተጽፏል። ብዙዎቻችሁ ልካችሁልን «ይሄ ነገር እውነት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል።

አጭሩ መልስ፦ ሄርኩለስ አይደለችም። ሄርኩለስ አራት ሞተር አለው፤ በጭራው አይቀመጥም፤ ሆዱም ለመሬት የቀረበ ነው። በፎቶው ላይ ያለችው ዳግላስ ዲሲ-3 ናት፤ በወታደር ስሟ ሲ-47፣ በብዙ ሰው አፍ ደግሞ «ዳኮታ»።

ረጅሙ መልስ ግን የበለጠ የሚጠቅም መሰለን። ስሕተቱ የአውሮፕላኗ ስም ላይ ብቻ ሳይሆን «በተአምር» የሚለው ቃል ላይም ነው። አንድ አሮጌ የጭነት አውሮፕላን ሰሜን ላይ ተገዶ አርፎ ሰው ሲተርፍ ተአምር እንላለን፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ዕጣ ፈንታ እንላለን። በሁለቱም ቃል የምንሸፍነው ነገር አለ፦ ማን አስቀድሞ ምን ሠራ? ማንስ ምን ሳይሠራ ቀረ? ዛሬ ይህንን እናያለን።

መጀመሪያ አውሮፕላኖቹን እንለይ

ዲሲ-3 ወይም ሲ-47 (ዳኮታ)። ሁለት የፒስተን ሞተር፣ ሁለት ትልልቅ የፊት ጎማ፣ አንዲት ትንሽ የጭራ ጎማ። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም አሜሪካ ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሺዎች ተሠራች። የምትጭነው 2,700 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም 27 ኩንታል ነው።

ሲ-130 ሄርኩለስ። አራት ሞተር፣ ክንፉ ከላይ፣ ከኋላ ወደ መሬት የሚከፈት መጫኛ። መጀመሪያ የበረረው በ1946 ዓ.ም ነሐሴ ነው። እንደ መንገዱና እንደ መንደርደሪያው ከ150 ኩንታል በላይ ይጭናል።

አንቶኖቭ-12። የሶቪየቶቹ ሄርኩለስ በሉት። እሱም አራት ሞተር አለው፤ ከሩቅ የሚለየው አፍንጫው መስታወት መሆኑ ነው።

ትራንሳል ሲ-160። ጀርመንና ፈረንሳይ አብረው የሠሩት። ሄርኩለስን ይመስላል፤ ግን ሁለት ሞተር ብቻ ነው ያለው።

እንግዲህ ፎቶ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ሞተር ቁጠሩ። ሁለት ሆኖ አፍንጫዋ ቀና ካለ ዳኮታ ናት። ሁለት ሆኖ ክንፉ ከላይ ከሆነና ሆዱ ሰፊ ከሆነ ትራንሳልን ጠርጥሩ። አራት ሆኖ አፍንጫው መስታወት ከሆነ አንቶኖቭ ነው።

ኮረም፣ 1928

በሰሜን ሰማይ የእርዳታ በረራ በ77 አልተጀመረም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚባል የስዊድን መኳንንት ወጣት የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረረ ሰሜን ግንባር ይመላለስ ነበር። በዚያ ዘመን መንደርደሪያ ማለት የከብት መዋያ ሜዳ ነው። ሬዲዮ የለ፣ የአየር ትንበያ የለ። አብራሪው ሜዳውን ዞሮ ያያል፤ ድንጋይና ከብት አለመኖሩን አይቶ ይወርዳል።

መጋቢት 1928 ላይ ኮረም ሜዳ ላይ የቆመ የቀይ መስቀል ፎከር አውሮፕላን በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደብድቦ ወደመ። ልብ በሉ፤ ያ አውሮፕላን የተበላሸው ሰማይ ላይ አይደለም። ማረፍ ችሎ ነበር። ያረፈበት መሬት ነው ደኅና ያልሆነው።

ነገሩ ለእኛ ሰፈርም ሩቅ አይደለም። ኮረምን የደበደበው መንግሥት አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ለሠራተኞቹ የመኖሪያ ቤት የሠራበት ሰፈር ነው ዛሬ ካዛንቺስ የምንለው። ስሙ ራሱ ቤቶቹን ከሠራው የጣሊያን ተቋም ምሕፃረ ቃል የመጣ ነው፤ «ካሴ ኢንቺስ»፣ የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ማለት።

ፎን ሮዘን ከነጻነት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ለአሥር ዓመት ያህል የኢትዮጵያ አየር ኃይልን በማደራጀት ሠርቷል። በ1966ቱ ረሃብ ጊዜም እንደገና መጣ፤ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይዞ ማረፊያ ለሌላቸው ቦታዎች እህል ከአየር ጣለ። የሞተው ሐምሌ 1969 ዓ.ም በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ጎዴ ላይ ነው።

ዳኮታ እንዴት የኛ ሆነች?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም ነው። የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። የጀመረው ከጦርነቱ በተረፉ አምስት ሲ-47ዎች ነው። ያኔ ወንበር ማለት በግድግዳው ርዝመት የተዘረጋ አግዳሚ ነው፤ መሀሉ ላይ ጭነት ይታሰራል። ሰውና ቡና፣ ሰውና ቆዳ፣ አብረው ይሄዳሉ።

መነሻው ቦሌ እንዳይመስላችሁ። ልደታ ነበር፤ ዛሬም ሰፈሩን «ኦልድ ኤርፖርት» የምንለው በዚያ ምክንያት ነው። ጄት ሲመጣ የልደታው መንደርደሪያ አልበቃ ስላለ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራው ወደ ቦሌ ሄደ። ዳኮታዎቹ ግን ጄት ከመጣ በኋላም ለአሥርት ዓመታት አገር ውስጥ በረዋል። መጀመሪያ የሚያበሯቸው አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ዲሲ-3 በአዛዥነት በማብረር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ ካፒቴን ሆኑ።

ዳኮታ ለገጠር ማረፊያ የተመቸችበት ምክንያት ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ቀርፋፋ ናት። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ገደማ እስክትደርስ ድረስ ፍጥነቷ ቢቀንስም ክንፏ ይሸከማታል።

ሁለተኛ፣ ጎማዎቿ ትልልቅ ናቸው፤ ሣርም ጠጠርም ይረግጣሉ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የፊት ጎማዎቿ ወደ ላይ ሲታጠፉ ሙሉ በሙሉ አይገቡም፤ ከፊላቸው ከሞተሩ ሥር ወጣ ብሎ ይታያል። ስለዚህ እግሯን ሳታወጣ በሆዷ ብታርፍ እንኳን መጀመሪያ መሬት የሚነኩት እነዚያ ጎማዎች ናቸው። ጉዳቱ ይቀንሳል።

ሰሜኑ ለምን ይከብዳል?

ከቂርቆስ ወደ ደቡብ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ቦሌ ለማረፍ የሚወርዱትን አውሮፕላኖች ቀኑን ሙሉ ያያል። ቀላል ይመስላል። ግን ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መቐለና አክሱምም ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ባሕር ዳር ከ1,800 በላይ ነው።

በ2,300 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በቀትር ሙቀት ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። የሳሳ አየር ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ሞተሩ የሚተነፍሰው ይቀንሳል። ፕሮፔለሩ የሚገፋው ይቀንሳል። ክንፉም የሚደገፍበት ስለሚያጣ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሳት የበለጠ መሮጥ፣ ሲያርፍም የበለጠ ፈጥኖ መምጣት አለበት። ቆላ ላይ የሚበቃ መንደርደሪያ ደጋ ላይ ያጥራል ማለት ነው።

አሁን ተራራውን ጨምሩበት። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ላሊበላ አጠገብ አቡነ ዮሴፍ፣ ጎጃም ላይ ጮቄ፣ ሁሉም ከ4,000 በላይ ናቸው። ሁለቱም ሞተሮቿ የሚሠሩ ዳኮታ ይህንን ታልፋለች። አንዱ ሲጠፋባት ግን፣ ጭነት ከያዘች፣ እነዚህን ተራሮች የምትሻገርበት ከፍታ ላይ መቆየት አትችልም። ቀስ እያለች ትወርዳለች። ስለዚህ አብራሪው ያለው ምርጫ ወደመጣበት መዞር ወይም ሸለቆ ተከትሎ ሜዳ መፈለግ ነው።

ክረምቱም አለ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ተራራውን ይሸፍናል። ጥቁሩ አፈር፣ ዋልካው፣ ውኃ ጠጥቶ ጎማ ይውጣል። ላሊበላ አስፋልት መንደርደሪያ ከማግኘቷ በፊት በክረምት አውሮፕላን አያርፍባትም ነበር።

ተገዶ ማረፍ ማለት ምንድን ነው?

ተገዶ ማረፍና መከስከስ አንድ አይደሉም። ዜና ላይ ስንጽፍ እኛም አንዳንዴ እናምታታዋለን። ተገዶ ያረፈ አብራሪ አውሮፕላኑ በእጁ ነው። መቆየት ስላልቻለ፣ መሪው እየታዘዘለት ሳለ፣ ባገኘው የተሻለ ቦታ ላይ ያወርደዋል። መከስከስ ግን ምርጫው ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ነው።

በሥልጠና የሚሰጠው ቅደም ተከተል በዓለም ላይ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ አብርር፤ ፍጥነቱን ጠብቅ። ቀጥሎ ቦታ ምረጥ። በመጨረሻ ተናገር፣ ማለትም በሬዲዮ አሳውቅ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሬዲዮ የሚያነሳ ይመስለዋል። ሬዲዮ ግን አውሮፕላን አይሸከምም።

ቦታ መምረጡስ? የታረሰ ማሳ ከሆነ ከትልሙ ጋር እኩል እንጂ ትልሙን አቋርጦ አይታረፍም። ነፋስ ፊት ለፊት መምጣት አለበት። ተዳፋት ከሆነ ወደ ዳገቱ ማረፍ ይመረጣል፤ ዳገቱ ፍሬን ይሆናል። መሬቱ ረግረግ ከሆነ እግር ሳያወጡ በሆድ ማረፍ ሊሻል ይችላል፤ ጎማው ከተቀበረ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ይተከላልና። ወሎና ትግራይ ላይ ሌላም ችግር አለ፦ ድንጋይ እርከን። ከላይ ሲታይ ለስላሳ ሜዳ የሚመስለው ቁልቁል የተደረደረ የድንጋይ አጥር ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን ፍጥነት ነው የሚወስነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አውሮፕላኑ ይዞት የሚመጣው ጉልበት እጥፍ አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው። በ110 ያረፈና በ220 ያረፈ እኩል ክብደት ያላቸው አውሮፕላኖች አንድ ሜዳ ላይ አንድ ዓይነት ዕድል የላቸውም።

ሁሉም የተረፉበት፣ ግን ተአምር ያልሆነው

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ሩቅ አገር ነው፤ የካናዳ ሰሜን። እዚያ የሎውናይፍ በምትባል ከተማ ባፋሎ ኤርዌይስ የሚባል አየር መንገድ ዲሲ-3ን የመሳሰሉ የጦርነት ዘመን አውሮፕላኖችን በዚህ ዘመንም እያበረረ በዓለም ታውቋል። ነሐሴ 2005 ዓ.ም አንዷ ዲሲ-3 24 ሰው ይዛ እንደተነሳች የቀኝ ሞተሯ በእሳት ተያያዘ። ለመመለስ ስትዞር ከፍታ መጠበቅ አልቻለችም፤ ዛፍ መትታ መንደርደሪያው ጋ ሳትደርስ በሆዷ አረፈች። አንድም ሰው አልተጎዳም።

ሕዝቡ ተአምር አለ። የካናዳ የትራንስፖርት ደኅንነት መርማሪዎች ግን ቁጭ ብለው መረመሩ። ያገኙት ይህ ነው፦ የሞተሩ ሲሊንደር ላይ ስንጥቅ ነበር፤ የቆመው ሞተር ፕሮፔለር እንደሚገባው ስላልዞረ ወደ ኋላ ይጎትት ነበር፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አውሮፕላኗ የተነሳችው ከተፈቀደላት ክብደት በላይ ጭና ነው። ክብደት በአግባቡ ሳያሰሉ መነሳት እዚያ ቤት ልማድ ሆኖ ነበር፤ ተቆጣጣሪውም መሥሪያ ቤት አላስቆመውም።

አያችሁ? «ተአምር» ብለን ብንዘጋው ኖሮ ስለ ሚዛኑ ማንም አይጠይቅም ነበር። ያውም የሎውናይፍ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም። ያንን ጭነት ከመቐለ አየር ላይ አስቡት።

77፦ እህሉ እንዴት ደረሰ?

ጥቅምት 1977 የኮረም ምስል በቢቢሲ ከታየ በኋላ ዓለም አውሮፕላን መላክ ጀመረ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች ከጥቅምት 1977 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 1978 ድረስ እዚህ ሠርተዋል። የምዕራብ ጀርመን ትራንሳሎች መጡ። የሶቪየት አንቶኖቭ-12ዎች መጡ። ፖላንድ ሄሊኮፕተር ላከች። በዚያ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በጠላትነት የሚተያዩ ወታደሮች አንድ ሜዳ ላይ ቆመው እህል ያራግፉ ነበር።

የአላማጣ፣ የመቐለና የአክሱም መንደርደሪያዎች ያኔ እንደዛሬው አልነበሩም። ጠጠሩ ጎማ ይበላል፤ አቧራው ሞተር ይገባል። ማረፊያ በሌለበት ደግሞ ከአየር ይጣላል። አጣጣሉ እንዲህ ነበር፦ የፖላንዶቹ ሄሊኮፕተር ቀድሞ ሄዶ ቦታውን ያያል፣ ያርፋል፣ ሰውና ከብት ዞር እንዲል ያስደርጋል። ከዚያ ሄርኩለሱ ወይም ትራንሳሉ ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ያልፋል፤ እህሉ በላይ በላይ በተደራረበ ጆንያ ተደርጎ ከኋላው ይገፈተራል። የውጪው ጆንያ ቢቀደድ የውስጡ ይይዘዋል።

አስቡት፤ ተራራ መሀል፣ በሳሳ አየር፣ ጭነት ይዞ፣ ከመሬት ጥቂት ሜትር ከፍታ። አንድ ሞተር ቢጠፋ ለማሰብ ጊዜ የለም። ይህንን ሥራ ሊሠራ የሚችል ያደረገው ቀድሞ ሄዶ ሜዳውን ያጸዳው ሰው ነው።

ስሌቱንም እንሥራ። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ብንል፣ አንድ ዳኮታ የምትይዘው 180 ሰው ለአንድ ወር ይመግባል። 150 ኩንታል የያዘ ሄርኩለስ 1,000 ሰው። 400 ኩንታል የጫነ ባለ ተሳቢ መኪና ደግሞ ከ2,600 በላይ ሰው፣ ያውም በጣም ባነሰ ዋጋ። አውሮፕላን የመኪና ምትክ ሆኖ አያውቅም። አውሮፕላን የሚመጣው መንገዱ ሲዘጋ ነው። ለዚህ ነው የገጠር ማረፊያ ዋጋው በሰላም ጊዜ የማይታየን።

ለሰሜን ሰው የአውሮፕላን ድምፅ አንድ ትርጉም ብቻ እንዳልነበረውም አንርሳ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ሐውዜን በገበያ ቀን ከአየር ተደብድባለች። እህል ከሚጥለው ሰማይ ቦምብም ወርዷል።

ባሕር ዳር፣ መስከረም 5 ቀን 1981

ይህኛው የጭነት አውሮፕላን አይደለም፤ አሮጌም አይደለም። ግን ሳይነሳ አይታለፍም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በረራ ቁጥር 604፣ 104 ሰው ይዞ ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሳ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ርግቦቹ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ለመመለስ አዞሩት፤ ሞተሮቹ ተከታትለው ጠፉ። ከከተማዋ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ፤ እሳትም ተነሳ። 35 ሰው ሞተ። 69 ሰው ተረፈ።

ይህንን በሁለት መንገድ ማየት ይቻላል። ሁለት ሞተር ጠፍቶበት ከመቶ ሰው መሀል 69 መትረፉ የአብራሪዎቹን ብቃት ያሳያል፤ አውሮፕላኑ እስከ መሬት ድረስ በእጃቸው ነበር። ግን ጄት በቀስታ ማረፍ አይችልም። ከዳኮታ በእጥፍ ፍጥነት ነው መሬት የሚነካው፤ ያራት እጥፉን ጉልበት ስሌት ከላይ አይተነዋል። «ዳኮታ ብትሆን ኖሮ» ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ማለት አይቻልም። ግን ወፍ በመንደርደሪያ ዙሪያ የማንም ዕጣ ፈንታ አይደለም። ቆሻሻ የት እንደሚጣል፣ እህል የት እንደሚሰጣ፣ ሣሩ ምን ያህል እንደሚታጨድ፣ ይህ ሁሉ ርግብን ይጠራል ወይም ያርቃል። መሬት ላይ ያለ ሰው ሥራ ነው።

የኛው ዘመን

«ይሄ ሁሉ ድሮ ነው» የሚል ካለ፣ የቅርቡን እናስታውስ። በ2013 ጦርነቱ ሲጀመር የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ ተቆፍሮ ታየ። በረራ የተመለሰው ሰኔ 2016 ነው፤ ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ።

ጥቅምት 12 ቀን 2014 የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ በረራ 11 ሰው ይዞ መቐለ ሊያርፍ ሲል፣ ከተማዋ ላይ የአየር ድብደባ ነበር። ከመቆጣጠሪያ ማማው እንዳያርፍ ተነገረው፤ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ድርጅቱም ከዚያ በኋላ በረራውን አቆመ። አውሮፕላኑ ጤነኛ፣ አብራሪው ጤነኛ፣ አየሩም የሚያስበርር። የጠፋው ደኅና መሬት ነው፤ ልክ እንደ ኮረም 1928።

ኅዳር 2015፣ ከሰላም ስምምነቱ በኋላ፣ የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አውሮፕላን መድኃኒት ይዞ መቐለ አረፈ። የመንገደኛ በረራ የተመለሰው ታኅሣሥ 19 ነው። እነዚያን ቀኖች ቦሌ ላይ ያለቀሰውን ሰው ያየ፣ መንደርደሪያ ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

እኛ ከዚህ ሁሉ የያዝነው አንድ ነገር ነው። ተገዶ ማረፍ የሚሳካው አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት በተሠራ ሥራ ነው። ሚዛን ላይ ቆሞ «ይበቃል፣ አትጫን» ባለ ሰው፣ ስንጥቁን ባየ መካኒክ፣ ሜዳው ላይ ድንጋይ በለቀመ ገበሬ፣ መንደርደሪያ ሰፈር እንዳይሆን በጠበቀ ቀበሌ። አገራችን ውስጥ ሳር የበቀለባቸው፣ ከብት የሚውልባቸው፣ ቤት እየተሠራባቸው ያሉ ትንንሽ ማረፊያዎች አሉ። ሊዘጉም ይችላሉ፤ ከተማ ያድጋል። ግን የሚዘጋው ሰው «መንገድ ሲዘጋ በምን እንገባለን?» ብሎ ጠይቆ ይዝጋ።

ሁለተኛው ጉዳይ የኛ ሰፈር ጉዳይ ነው። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ለአሥርት ዓመታት ጎረቤት ሆነው የኖሩ ሰዎች ወደተለያየ የከተማው ጫፍ ሄደዋል። ከመሀላቸው በአየር መንገድ፣ በአየር ኃይል፣ በእርዳታ ማስተባበሪያ፣ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ያገለገሉ አባቶችና እናቶች አይጠፉም። ዕቃ ሲጫን ቴሌቪዥኑ ይጫናል፤ ካርቶን ውስጥ ያለው የበረራ መዝገብና ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ «አሮጌ ወረቀት» ተብሎ ይቀራል። ያ ወረቀት ከጠፋ በኋላ የሚቀረን «በተአምር ያረፈው ሄርኩለስ» የሚል የተሳሳተ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካለ፦

የፎቶውን ፊትም ጀርባም በስልክ አንሱ። ጀርባው ላይ ያለች አንዲት ቀን ወይም የቦታ ስም ከፎቶው ትበልጣለች።

አባት፣ እናት፣ አያት ካሉ ድምፃቸውን ቅዱ። «አደጋ ደርሶ ያውቃል?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ጠዋት ሥራ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሠሩት ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ሌላው ራሱ ይመጣል።

ያለፈቃዳቸው ስማቸውንና መልካቸውን አትለጥፉ። ለኛም ስትልኩ ፈቃድ ጠይቃችሁ ይሁን።

ለሌላ ሰው ከማጋራታችሁ በፊት ደግሞ ሞተሩን ቁጠሩ።